የጎደለ ሂሳብ ሌብነት አይደለም

በፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ የውርርድ ቲኬት የሚሸጡ ሠራተኞች የማኅበር ተወካይ ነኝ። እኔም እንደ እነሱ መስኮት ላይ ነው የምሠራው። ወደ እኔ ከሚመጡት ቅሬታዎች የሚበዛው አንድ ዓይነት ነው። ውድድሩ ያልቃል፣ ሂሳብ ይዘጋል፣ ገንዘብ ይጎድላል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ በሌባ ዓይን ትታያለች። ይሄ ነገር በጣም ያበሳጨኛል።

ገንዘቡ ለምን እንደሚጎድል ለመረዳት ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነቱ ውርርድ ተጫዋቹ የሚወራረደው ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ነው። የሁሉም ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። አዘጋጁ ድርሻውን ይወስዳል፤ የተረፈውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የጀመረው ጆሴፍ ኦለር የሚባል ሰው ነው። አንድ ፈረስ ላይ ብዙ ገንዘብ ከተጣለ ክፍያው ያንሳል፤ ጥቂት ከተጣለ ይጨምራል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይቀያየራል። ልምድ ያለው ተጫዋች ያቺን ደቂቃ ይጠብቃል። ችግሩ፣ ሁሉም የሚጠብቀው እሷኑ መሆኑ ነው።

ፈረሶቹ ወደ መነሻው በር ሲገቡ ሰልፉ መስኮቱ ላይ ይወድቃል። ሰውየው የውድድሩን ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠን፣ የውርርዱን ዓይነትና የፈረሱን ቁጥር ባንድ ትንፋሽ ይናገራል። ከኋላው ያለው ይጮኻል። 3 ተብሎ 13 ይሰማል። ቲኬቱ ይወጣል። ደንበኛው «ይሄ የኔ አይደለም» ይላል። ውድድሩ ካልተጀመረ መሰረዝ ይቻላል። በሩ ከተከፈተ ግን ሽያጩ ይቆለፋል፤ ቲኬቱ ሠራተኛዋ እጅ ላይ ይቀራል። ብዙ ቦታ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። በዚያ ጥድፊያ መልስ ሲመለስ የሚሳሳተውን ብር ደግሞ ጨምሩበት።

ማታ ቢሮ ትጠራለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ። «ጉድለቱን አምኜ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ሠርታለች፣ ደክሟታል፣ ቤቷ መሄድ ትፈልጋለች። ስለዚህ ትፈርማለች። እኔ የምሰማው ብዙ ጊዜ ከፈረመች በኋላ ነው።

እባካችሁ ብቻችሁን አትፈርሙ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ቅሬታ አቀራረብ ያወጣው 130ኛው ምክረ ሐሳብ፣ ሠራተኛ ቅሬታ በማቅረቡ ሊጎዳ እንደማይገባና ቅሬታው ሲታይ የማኅበር ተወካይ አብሮት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። በ1982 የወጣው 158ኛው ስምምነት ደግሞ ሠራተኛ በጥፋት ከመሰናበቱ በፊት ራሱን የሚከላከልበት ዕድል እንዲሰጠው ያዛል። ምክረ ሐሳብ እንደ ሕግ አያስገድድም፤ ስምምነቱም የሚያስረው ያጸደቁትን አገሮች ነው። ሆኖም የእኛን ጨምሮ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሟቸው ብዙ የኅብረት ስምምነቶች ውስጥ ያለው ሐሳብ ይኸው ነው። «ተወካዬ ሳይመጣ አልፈርምም» ማለት ጠብ መፈለግ አይደለም።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ደህና የሚባል ገንዘብ ጎደለባት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ደመወዟም ተቆረጠ። «ከየት እንደጎደለ አላውቅም፤ ግን አልወሰድኩም» አለችኝ። ሌላ የምትለው አልነበራትም። ወደ ኃላፊዎቹ ስንሄድ ይቅርታ አልለመንም። የጠየቅነው የማሽኑን መዝገብ ነው።

የውርርድ ማሽን ረጅም ታሪክ አለው። ጆርጅ ጁሊየስ የሠራው አውቶማቲክ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1913 ኒውዚላንድ ውስጥ ኦክላንድ፣ ኤለርስሊ የፈረስ ሜዳ ላይ ተተከለ። የዚያን ጊዜ ሥራው ከየመስኮቱ የተሸጠውን መደመር ነበር። የዛሬው እያንዳንዱ ቲኬት ከየትኛው መስኮት፣ በማን ፓስወርድ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣና እንደተሰረዘ ይይዛል። አሠሪው ይሄን መዝገብ የሚያወጣው ሠራተኛውን ለመክሰስ ነው። እኛም ልንጠይቀው እንችላለን።

መዝገቡ ሲመጣ ልጅቷ እረፍት በወጣችበት ሰዓት በእሷ ፓስወርድ ቲኬት ሲሸጥና ሲሰረዝ ተገኘ። ለካ እረፍት ስትወጣ የሚተካት ሰው የሷ የገንዘብ መሳቢያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፋታ ስለሌለ ገንዘቡ አይቆጠርም፤ ፓስወርድም አይቀየርም። ይሄ የቆየ ልማድ ነበር፤ አለቆቹም ያውቁታል። ሁለት ሰው የነካው መሳቢያ ለምን አንዷን ብቻ ያስጠይቃል? መልስ አላገኙለትም። ጉዳዩ ግልግል ዳኛ ፊት ሳይደርስ በቅሬታ አቀራረቡ ሁለተኛ ደረጃ አለቀ። የተቆረጠው ተመለሰ፣ ማስጠንቀቂያውም ከፋይሏ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሰው መሳቢያ ላይ አይቀመጥም። ለኔ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

ቅሬታ ይዞ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «መቼ ነው የሆነው?» የሚል ነው። ቅሬታ የማቅረቢያ ቀነ ገደብ አጭር ነው። ካለፈ የቱንም ያህል እውነት ቢኖር ጉዳዩ ይወድቃል። ከዚያ ያየውን በዚያው ቀን እንዲጽፍ እነግረዋለሁ። «በደሉኝ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ። ስንተኛው ውድድር ላይ፣ የትኛው መስኮት፣ ማን ምን አለ፣ ማን አየ?

የመጣልኝን ሁሉ ቅሬታ አድርጌ አላስገባም። አለቃ ፊቱን አጠቆረ ማለት የኅብረት ስምምነታችን አንቀጽ ተጣሰ ማለት አይደለም። ይሄን ለሰው ፊት ለፊት መናገር ይከብዳል፤ ግን እናገራለሁ። በእርግጥም ገንዘብ የወሰደ ሰው ያጋጥማል። እሱም ቢሆን ማስረጃውን የማየትና የመናገር መብት አለው፤ አብሬው እቀመጣለሁ።

አሁን ደግሞ የራስ አገልግሎት ማሽኖችና የስልክ ውርርድ መጥተው መስኮቶች እየተዘጉ ነው። የቀረነው ጥቂቶች ነን፤ የመጨረሻዋ ደቂቃ ግርግር ግን እዚያው አለ። ስንት መስኮት ይከፈት የሚለውን ስምምነታችን ለአሠሪው ስለተወው በቅሬታ ልናሸንፈው አንችልም። ቅሬታ የሚያስከብረው የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈው በድርድር ነው የሚገኘው። ስለዚህ የጉድለት ጉዳዮችን በሙሉ ፋይል አድርጌ ለተደራዳሪ ኮሚቴው ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ድርድር የምንጠይቀው መሳቢያችንን ከሥራ በፊትና በኋላ በእርጋታ የምንቆጥርበት፣ የሚከፈልበት ጊዜ ነው። ሌላው ደግሞ በሩ ከመከፈቱ በፊት የተሳሳተ ቲኬት ለመሰረዝ ሱፐርቫይዘር መጥራት እንዲቀር ነው።