ካራኦኬ ውስጥ ሺሪቶሪ፦ ዘፈን ከመምረጣችሁ በፊት ይህን እወቁ

ጃፓን ለትምህርት ወይም ለሥራ ከመጣችሁ አንድ ቀን ካራኦኬ ቤት መግባታችሁ አይቀርም። በተለይ የፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ላይ። «ቦኔንካይ» የሚባል የዓመት መሸኛ ግብዣ አለ። እራቱ ሲያልቅ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ግማሹ ሁለተኛ ዙር ይቀጥላል። ያ ሁለተኛ ዙር ብዙ ጊዜ ካራኦኬ ነው። እኔን አንድ ሰው አስቀድሞ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ለዚህ ነው ስለ ካራኦኬና እዚያ ስለሚጫወቱት የቃል ሰንሰለት ጨዋታ፣ ስለ ሺሪቶሪ፣ የምጽፈው።

የምኖረው ኮቤ ነው። ኢኖዌ ዳይሱኬ የሚባል ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1971 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሳንቲም ሲገባበት ዘፋኝን በሙዚቃ የሚያጅብ የካራኦኬ ማሽን አሠርቶ ለመጠጥ ቤቶች ማከራየት የጀመረው እዚሁ ከተማ ነው። የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም። ዓለም ሁሉ በሐሳቡ ሲከብር እሱ ብዙም አልተጠቀመም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አገባቡ ቀላል ነው። ክፍል በሰዓት ትከራያላችሁ። ብዙ ቤቶች እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ መጠጥ እንዲያዝ ያስገድዳሉ፤ ለስላሳም ይበቃል። ዘፈኑን በታብሌቱ ፈልጋችሁ ትልካላችሁ፣ ተራችሁን ትጠብቃላችሁ።

ግጥሙ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከከባዱ ካንጂ (ከቻይና የመጣው ጽሕፈት) በላይ ትንንሽ ሂራጋና (ድምፁን ብቻ የሚጽፈው ቀላሉ ፊደል) ስለሚጻፍ ካንጂ አለማወቅ አያግድም። መሠረታዊዎቹ የሂራጋና ፊደላት 46 ናቸው። በሀሁ ላደገ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ እንደኛው ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤታችን ግጥሙን በላቲን ፊደል አባዝቶ ያድለን ነበር። አትቀበሉ። በላቲን ያነበበ ሰው ሳያስበው እንደ እንግሊዝኛ ይጎትተዋል። እኔ በራሳችን ፊደል ገልብጬ አጠናሁ፤ «ካ» ካ ነው፣ «ሺ» ሺ ነው። አነጋገሬ የተስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም የማልስማማበት ምክር አለ። «ለጀማሪ ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ይሻላል» ይላሉ። ኧረ በፍጹም! ቀስ ያለ ዘፈን ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ይሰማል። የዛሬዎቹ የወንድ ዘፋኞች ደግሞ ጣሪያ ነው የሚነኩት። ታብሌቱ ላይ ቁልፉን፣ ማለትም የዜማውን ከፍታ፣ ዝቅ ማድረጊያ አለ፤ ያለ ምንም ሐፍረት ተጠቀሙበት። መካከለኛ ፍጥነት ያለው፣ አዝማቹን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን ያዙ። ብሉ ኸርትስ የሚባለው ባንድ «ሪንዳ ሪንዳ» ለዚህ የሚመች ነው። ከ1987 ጀምሮ ጃፓኖች እየዘለሉ ይዘፍኑታል። አዝማቹ ላይ ስትደርሱ ክፍሉ በሙሉ ይቀበላችኋል።

ከሁሉም በላይ ግን ኤንካን፣ የቆየውን የጃፓኖች የትካዜ ዘፈን፣ ሞክሩ። ወጣቶቹ የሽማግሌ ዘፈን ነው ብለው ይተዉታል። እኛ ግን ጆሯችን ቀድሞ ያውቀዋል። ኤንካ የሚበዛበት ዮናኑኪ የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ስልት ከትዝታ ጋር አንድ ነው፤ ሜጀሩ ከትዝታ ሜጀር፣ ማይነሩ ከትዝታ ማይነር። ድምፅ የሚሰበርበት መንገድም ለእኛ ባዳ አይደለም፤ እነሱ «ኮቡሺ» ይሉታል። ማሽኑ ነጥብ ሲሰጥ ኮቡሺውን ለብቻው ይቆጥረዋል። የኢሺካዋ ሳዩሪን «ጹጋሩ ካይክዮ ፉዩገሺኪ» (1977) በዘፈንኩበት ምሽት ፕሮፌሰራችን ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አሁን ወደ ሺሪቶሪው።

ሺሪቶሪ የቃል ሰንሰለት ነው፤ ቀጣዩ ቃል ያለፈው ባለቀበት ፊደል ይጀምራል። በአማርኛ ብንጫወተው ቡና፣ ናፍጣ፣ ጣሳ፣ ሳሙና እያልን እንቀጥላለን። ካራኦኬ ላይ የሚያያዘው የዘፈኑ ርዕስ ነው። «ን» ላይ የሚያልቅ ርዕስ የመረጠ ይሸነፋል፤ በ«ን» የሚጀምር የጃፓንኛ ቃል የለምና። ዘፈን ደግሞ እንደ ቃል ከአፍ አይወረወርም፤ መቻል አለባችሁ። ስለዚህ ደብተር ይዤ የምችላቸውን ዘፈኖች በመነሻና በመድረሻ ፊደል ደረደርኩ። የዮኔዙ ኬንሺ «ሬሞን» እና የስፒትዝ «ሮቢንሶን» መጨረሻቸው «ን» ስለሆነ በቀይ ሰረዝኳቸው። ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት።

አንድ ምሽት ከላብራቶሪያችን ልጆች ጋር ሁለት ቡድን ሆንን። የተሸነፈው የተጨማሪውን ሰዓት ሂሳብ ይከፍላል። አስተባባሪው ከእኔ ቀድሞ ላብራቶሪው የገባ ተማሪ ነበር። ዳኛም እሱ፣ የሌላኛው ቡድን ተጫዋችም እሱ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

እነሱ የአይምዮንን «ማሪጎሩዶ» ዘፈኑ። በ«ዶ» የዩሪን «ዶራይፉራዋ» ይዤ ነበር፣ ዘፈንኩ። ይህ ርዕስ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ድምፅ የሚያስረዝም ሰረዝ አለው። ቀጣዩ በ«ዋ» ይጀምር ወይስ በተረዘመው «አ»? ዳኛው «ሰረዙ አይቆጠርም፣ በዋ» አለ። የእሱ ቡድን ወዲያው «ዋታሪዶሪ» ገባ። እሺ፣ ደንቡ ይህ ነው ብለን ያዝን።

ትንሽ ቆይቶ የእነሱ ልጅ «ሬሞን» ዘፈነ። በ«ን» አለቀ፣ አሸነፍን ብለን ተነሣን። ዳኛው «ርዕሱ በላቲን ስለተጻፈ መጨረሻው ኤን ነው፣ ወደ ና ይዞራል» አለ። ይህን ደንብ ከዚያ በፊት ማንም አልሰማውም። ለሰላም ብለን ዋጥነው፤ «ናዳ ሶሶ» ዘፍነን ቀጠልን።

ከዚያ እነሱ የስፒትዝን «ቼሪ» አመጡ። መጨረሻው ያው ሰረዝ ነው። ራሱ ባወጣው ደንብ ሰረዙ አይቆጠርም፣ ስለዚህ በ«ሪ»። «ሪንዳ ሪንዳ»ን ላክሁ። ሰዉ ተነሥቶ መዝለል ጀመረ፣ የእነሱ ቡድን ሳይቀር። አዝማቹ ጋ ልደርስ ስል ሙዚቃው ቀጥ አለ። ዳኛው ነው ያጠፋው። «የተረዘመው ድምፅ ኢ ስለሆነ በኢ መጀመር ነበረበት» አለ። «ቅድም ዋ ብለህ አይደል?» አልኩት። ወደ እኔ እንኳን አልዞረም። ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ እየሳቀ፣ «ለውጭ ሰው ደንቡ ይከብዳል» አላቸው። ሰዓቱ አለፈ ተብሎ ተሸነፍን።

ሂሳቡ አልቆጨኝም፣ ተካፍለን ከፈልነው። የሚያበግነኝ ያቺ ንግግር ናት። ደንቡን ከእሱ አሳምሬ አውቀው ነበር። ሰረዙን መጣልም ሆነ ድምፁን መውሰድ ሁለቱም ያለ ደንብ ነው፤ ቤት ለቤት ይለያያል። የተሳሳተው ደንቡ አይደለም፣ መሃል ላይ መለወጡ ነው። የውጭ ሰው ስለሆንኩ አልገባውም ብሎ ማለፍ ደግሞ ንቀት ነው። «ጨዋታ እኮ ነው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ጨዋታ ስለሆነ ነው ደንብ የሚያስፈልገው!

ስለዚህ መጠጥ ከመታዘዙ በፊት ጠይቁ። የመጨረሻው ሰረዝ ይቆጠራል? ከሌላ ፊደል ጋር የሚጣበቁት ትንንሾቹ «ያ፣ ዩ፣ ዮ» እንደ ሙሉ ፊደል ይያዛሉ? «ጋ» ወደ «ካ» መለወጥ ይቻላል? በላቲን የተጻፈ ርዕስ በንባቡ ነው ወይስ በፊደሉ? መልሱን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ለሁሉም አሳዩ። «ሙድ ታበላሻለህ» የሚል አይጠፋም። ይበል። የሚጫወት ሰው አይዳኝ፤ በዚህ እኔ አልደራደርም።

ስለ ፊደሎቹም ጥቂት ልበል። «ጹጋሩ ካይክዮ ፉዩገሺኪ» በ«ኪ» ስለሚያልቅ ለተጋጣሚ አይከብድም፤ የግሪን «ኪሰኪ» (2008) አለለት። እሱም ራሱ በ«ኪ» ስለሚያልቅ ሌላ «ኪ» ይዛችሁ ግቡ። ተጋጣሚን ማስጨነቅ የፈለገ በ«ሩ» የሚያልቅ ያመጣል፤ በ«ሩ» የሚጀምር ርዕስ ጥቂት ነው። የዮአሶቢ «ዮሩ ኒ ካኬሩ» ለዚህ ይመቻል፣ ግን ፍጥነቱ ምላስ ያስራል፤ ካላጠናችሁት አትንኩት። እናንተ ላይ «ሩ» ከመጣ የተራኦ አኪራ «ሩቢ ኖ ዩቢዋ» (1981) አለ። ዝቅ ያለ፣ የረጋ ድምፅ ነው፣ ቁልፍ መቀየር ሳያስፈልግ ለብዙ ወንድ ይስማማል። የዩሚ ማትሱቶያን «ሩጁ ኖ ደንጎን» ግን ምንም ብትወዱት በዚህ ጨዋታ ላይ አታምጡት። መነሻው «ሩ» ነው፣ መድረሻው «ን»።