እስክስታ የፈተነው የምሽት ቀሚስ

ከውጭ ለሰርግ የሚመጡ ደንበኞች መጀመሪያ የሚሉን «ቶሎ ድረሱልኝ» ነው። ይቺም ከሜሪላንድ ነው የመጣችው። እህቷ ልታገባ ነው። ለሰርጉ ማታ በሸማ የተሠራ ረጅም የምሽት ቀሚስ ፈለገች። ደረቱ ጥብቅ፣ ማንገቻም እጅጌም የሌለው፣ ከወገቡ በታች እየሰፋ የሚሄድ፣ የታችኛው ጠርዙ ዙሪያውን ጥበብ። ልኳን እዚያው አገር አንድ ሰፊ ወስዶላት ቁጥሩን ቀድማ በስልክ ልካልናለች። እንደመጣች ጨርቁን ቆርጠን እንድንጠብቃት ነበር ሐሳቧ።

እኔ ቆራጭ ነኝ። ዲዛይነሯን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ በሌላ ሰው ልክ አይቆርጡም። ሜትራቸውን አንስተው እንደገና ለኳት። መጀመሪያ ቆማ፣ ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው። ሰው ሲቀመጥ ዳሌውም ሆዱም ይሰፋል፤ ሰርግ ላይ ደግሞ ገበታው ጋ ብዙ ይቀመጣል። ቀጥለው እግሯን አዩ። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው።

«ለሰርጉ የምታደርጊው ጫማ ይሄ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ሂል ነው። ሻንጣ ውስጥ ነው።»

«በሚቀጥለው እሱን አድርገሽ ነይ ልጄ። ርዝመቱን ከመሬት ተነስቼ ነው የምለካው።»

ጥበቡ ላይ ትንሽ ተከራከሩ። ጥበብ በድሩ መሃል ባለቀለም ክር እየገባ የሚሸመን ነው፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከታች የሰፋ ቀሚስ ጠርዝ ግን ክብ ነው። ቀጥ ያለውን በክቡ ላይ እናስኪደው ካልን ወይ ይሸበሸባል ወይ እየቆራረጥን መቀጠል ነው። ሲቆረጥ ደግሞ ክሩ ይተረተራል፣ ሐረጉም ይሰበራል። ለናሙና ያሳየችን ፎቶ ላይ ያለው ቀሚስ ቀጥ ብሎ የወረደ ጠባብ ስለሆነ ነው ዙሪያውን ያማረው። በመጨረሻ ጥበቡ ከፊት ከደረት እስከ እግር ቁልቁል እንዲወርድ ተስማሙ። ለእኔ ከመጀመሪያው ሐሳብ ይሄ ይበልጣል፤ ሴትን ቁመና ይሰጣታል። ስፋቱንና ርዝመቱን ወረቀት ላይ አውጥተን ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔያችን ላክን።

ሸማኔው እስኪጨርስ እኛ አቡጀዲ ላይ እንሠራለን። ይሄ የእትዬ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የፓሪስ ቤቶችም ውዱን ሐር ከመንካታቸው በፊት ቀሚሱን በርካሽ ጥጥ ጨርቅ ሰፍተው ደንበኛዋ ላይ ይሞክሩታል። እዚያ «ኦት ኩቱር» (በደንበኛ ልክ የሚሠራ የላቀ የፋሽን ልብስ) የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የተፈቀደለት ቤት ብቻ ነው የሚጠራበት። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሕግ የለም። አቡጀዲ ግን አለ።

ደንበኛዋ አቡጀዲውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ የማልለብሰውን ነገር ለምን ትሰፋላችሁ? ጊዜ የለኝምኮ!» አለች። እትዬ አባብለው አለበሷት። ሂሏን አድርጋ ቆማ መስታወት ውስጥ ስታየው ልክክ ብሏል። ጀርባዋም ወገቧም ምንም አይወጣለትም። እሷም «በቃ፣ በዚሁ ቁረጡት» አለች።

እትዬ «ሙዚቃ ክፈቱ» አሉ።

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። «የእህትሽ ሰርግ አይደል? እስክስታ ሳትመቺ ልትወጪ ነው? በይ ምቺ» አሏት። አንዷ ልጅ ከስልኳ የጎጃም ምት ከፈተች። ደንበኛችን ጨዋታ ታውቃለች። ትከሻዋን ሁለት ሦስቴ እንደሰበቀች ጀርባዋ ላይ የሰካነው እስፒል ተፈናጥሮ ወጣ። ደረቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ወረደ። በሁለት እጇ ይዛው ቆመች፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ያ አዳራሽ ውስጥ፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ ቢሆን ብላችሁ አስቡት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንገቻ የሌለው ቀሚስ የሚያንጠለጥለው ነገር የለም። የሰፊው ቀሚስ ክብደት በሙሉ ደረቱን ወደ ታች ይስበዋል። ትከሻ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ጡንቻው ከጨርቁ ሥር ስለሚሸሽ የያዘው ነገር ይላላል። ብዙ ሰፊ እዚህ ጋ ደረቱን ማጥበቅ ይቀናዋል። ያኔ ሴትየዋ መተንፈስ ያቅታታል፤ ቀሚሱም መውረዱን አይተውም። ክብደቱን መሸከም ያለበት ወገብ ነው። እትዬ በገበሩ በኩል ልክ ወገቧ ላይ የማይለጠጥ ጠንካራ ሪቫን አስገቡ። ዚፑ ከመዘጋቱ በፊት ሪቫኑ ለብቻው ከኋላ ይቆለፋል፤ የታችኛው ቀሚስ እሱ ላይ ይንጠለጠላል። ደረቱ ውስጥ ቀጫጭን ዘንጎች ቁልቁል ሰፋን። እነሱ የላይኛውን ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይይዙታል። ከዚያ ሁለተኛ አቡጀዲ፣ ሁለተኛ እስክስታ። ልጅቱ አልቧት ወንበር ላይ እስክትቀመጥ ብትመታም ቀሚሱ ንቅንቅ አላለም።

ሸማው መጥቶ ለመቁረጥ ስንዘጋጅ ግን ደንበኛዋ አልቸኮለችም። መጀመሪያ በውሃ ነክረን አደረቅነው፤ የእጅ ሥራ ጥጥ ከታጠበ በኋላ ስለሚሰበሰብ ሳይነከር የተቆረጠ ልብስ ኋላ ላይ ያጥራል። ደረቱን ኦርጋንዛ በሚባል ሳሳ ያለ ደረቅ ጨርቅ ደገፍነው። ጫፉ ቶሎ ስለሚተረተር እያንዳንዱን ጠርዝ በእጅ መርፌ ለቀምነው። የጎን ቁራጮቹ በሰያፍ የተቆረጡ ስለሆኑ ቀሚሱን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ሰቅለን ጥቂት ቀን ተውነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ ያውም እኩል አይለጠጥም። በጎን በኩል እንደጠበቅነው ረዝሞ ተገኘ። ያኔ ነው ጫማዋን አድርጋ ቆማ፣ እትዬ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ከመሬት እየለኩ ዙሪያውን ምልክት ያደረጉት።

ከሰርጉ በኋላ ቪዲዮውን ላከችልን። ከአክስቶቿ ጋር ፊት ለፊት ስትመታ አንድ ጊዜ እንኳ እጇ ወደ ደረቷ አልሄደም።

ሁለተኛውን አቡጀዲ አልጣልነውም። ስሟን ጽፈንበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል። በቅርቡ ለልጇ ምርቃት ሌላ ቀሚስ አዝዛለች። ልኳን ግን በስልክ አላከችም፤ «ክረምት ስመጣ ራሳችሁ ትለኩኛላችሁ፣ ጫማዬንም ይዤ እመጣለሁ» ብላለች።