መጀመሪያ ሙቅ ውሃ

እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ውስጥ በምሠራበት የድንገተኛ ክሊኒክ በበጋ የዓሣ እሾህ የወጋው ሰው አይጠፋም። ያን ዕለት ማታ የገቡት ግን የእኛው ሰው፣ ስልሳን የተሻገሩ አባት ነበሩ። ቀኝ እጃቸውን በረዶ የሞላ ፌስታል ውስጥ ከተዋል፤ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«ምን ነካዎት ጋሼ?»

«ዓሣ ነው ልጄ። ቅርፊት የለውም፣ አይበላም፤ ከመንጠቆው አላቅቄ ልመልሰው ስል ወጋኝ። እስከ ብብቴ ይነዝረኛል።»

መልኩን ብጠይቃቸው ጥቁር ነው፣ ነጭ መስመር አለው፣ እንደ አምባዛ ጢማም ነው አሉ። ወዲያው ገባኝ። ይህ ዓሣ የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ በስዊዝ ቦይ ሾልኮ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሜዲትራንያን ዳርቻችን ተራብቷል። መርዛማ እሾሁ ሦስት ነው፦ አንዱ ጀርባው ላይ፣ ሁለቱ በጎንና ጎን ክንፎቹ ላይ።

በረዶውን አነሣሁ። ጣታቸው ማበጥ ጀምሮ ስለነበር ቀለበታቸውን በሳሙና አሟልጬ አወጣሁ፤ ትንሽ ቢቆይ ቀለበቱ መቆረጡ አይቀርም ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪም የማደንዘዣ መርፌ ይዞ መጣ።

«ዶክተር፣ ውሃው ይቅደም» አልኩት። መርዙ ፕሮቲን ነውና ሙቀት ያፈርሰዋል። እጁ ከደነዘዘ በኋላ ደግሞ ውሃው ቢያቃጥላቸውም አይሰማቸውም።

ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ ከ45 ዲግሪ እንዳያልፍ በቴርሞሜትር ለካሁ። አስቀድሜ ያስነከርኳቸው ደህናውን እጃቸውን ነው፤ የተወጋው ሕመሙ ስለሚበረታበት ሙቀቱን አይለይም።

«ያቃጠለኝን በማቃጠል ልታድኚኝ ነው?»

«ፍልውሃ የወረዱ ይምሰልዎት።»

ሲቀዘቅዝ እየቀየርኩ ግማሽ ሰዓት ገደማ እንደሆነ ትከሻቸው ረገብ አለ፣ ወሬም መጣላቸው። የጣና አምባዛ ጨዋ ነው፣ እንዲህ ያለ ክፋት አያውቅም አሉኝ።

ከዚያ ልሂድ ብለው ተነሡ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ሕመሙን ቢያበርድም ሥጋ ውስጥ የቀረውን አያወጣም። እሾሁ ዳር ዳሩን እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ሲነቀልም ይሰበራል። በራጅ ስናየው ስባሪው መገጣጠሚያቸው አጠገብ ተሰክቷል። አሁን ማደንዘዣው ተራው ደረሰ። ስባሪው ወጣ፣ ቁስሉ በደንብ ታጠበ፣ ሳይሰፋም ተተወ፤ ከላይ የተዘጋ ጠባብ ቀዳዳ ውስጡ ያመረቅዛል። የቴታነስ ክትባትና አንቲባዮቲክ ተጨመረላቸው። እዚሁ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 የኩሬ ቲላፒያ ዓሣ የነኩ በርካታ ሰዎች ቪብሪዮ በተባለ ባክቴሪያ ክፉኛ ስለታመሙ፣ በዚህ ነገር አንቀልድም።

«መቅላቱ ወደ ክንድዎ ከወጣ ወይም ካተኮስዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ይምጡ» አልኳቸው።

«ማጥመዱንስ?»

«በፒንሳ ይያዙት፤ እምቢ ካለ ክሩን ይቁረጡት። ሞቶ አሸዋ ላይ የወደቀውንም በባዶ እግር እንዳይረግጡት፣ ይወጋል።»

«ሞቶም? ወይ ጉድ!»