ለሰምነር የተያዘ 20 ደቂቃ

አትላንታ ውስጥ የአስጎብኚ አውቶብስ ሾፌር ነኝ። አንድ ጊዜ ከሜምፊስ ተነስተን የሚሲሲፒን ገጠር አይተን በዚያው ቀን አትላንታ እንድንገባ ፕሮግራም ተሰጠኝ። ተሳፋሪዎቹ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካውያን። ወረቀቱ ላይ "ሰምነር፣ ፍርድ ቤትና የታሪክ ሰሌዳ፣ 20 ደቂቃ" ይላል።

ያወጣው ሰው የሰሌዳውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ መሆን አለበት። ለማንበብማ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰምነር በእርሻ የተከበበች ሚጢጢ ከተማ ናት። በ1955 የ14 ዓመቱን የቺካጎ ልጅ ኤሜት ቲልን ገድለዋል የተባሉ ሁለት ነጮች የተዳኙት እዚህ ነው። ፍርዱን የሰጡት 12 ነጭ ወንዶች ናቸው። በ67 ደቂቃ ነፃ አወጧቸው። ወራት ሳይቆይ ሰዎቹ ከመጽሔት ገንዘብ ተቀብለው መግደላቸውን ራሳቸው አወሩ።

ሰዎቼ ከአውቶብሱ ወርደው በሰሌዳው ዙሪያ ቆሙ። አንዲት እናት ግን ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ። እዚያው ግቢ ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ላለመተው የተዋጋው የደቡቡ ወገን ወታደሮች ሐውልት አለ።

"ና እስቲ ልጄ" አሉኝ። "ይሄ የቆመው በ1913 ነው። ጦርነቱ መቼ አለቀ?"

"በ1865።"

"ታዲያ ለሞቱት ነው ወይስ እኛ እንድናየው?"

ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። ቀጥለው ስለ ኤሜት ነገሩኝ። የአካባቢው አስተዳደር ለቤተሰቡ ይቅርታ ያነበበው እዚሁ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ በ2007፣ ከ52 ዓመት በኋላ።

ሃያ ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል። የሚያለቅስ አለ፣ የሚከራከር አለ፣ የልጅነቱን የሚያወራ አለ። ጭራሽ አስከሬኑ ወጣበት የሚባለውን የወንዝ ዳር ካላየን አንሄድም አሉ። ፕሮግራሙ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ የሥራው ጣጣ መጣ። አሜሪካ ውስጥ የመንገደኛ ሾፌር ከ10 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። ገና አትላንታ ድረስ ረጅም መንገድ አለብኝ። አስተባባሪው ጋ ደወልኩ።

"ሰሌዳ ነው እኮ! ፎቶ ተነስተው ይሳፈሩ" አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ለቡድኑ እንዳለ ነገርኳቸው፦ ወይ ወንዙ ወይ ዛሬ አትላንታ፤ ሁለቱንም ካላችሁ ሕግ እጥሳለሁ፣ አላደርገውም። ብዙም አልተማከሩ። "ግሪንውድ እናድራለን፣ የሆቴሉን እኛው እንከፍላለን" አሉ።

ወደ ወንዙ የሚያስገባው ጠጠር መንገድ ነው። አውቶብሱን አቁሜ መጀመሪያ በእግሬ አየሁት፤ ከባድ መኪና እንዲህ ያለ ቦታ አንዴ ከሰመጠ ጎታች መጠበቅ ነው።

እዚያ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ጉድ ነው። የመጀመሪያው በ2008 ተተክሎ ተሰረቀ። ሁለተኛውን በጥይት ወንፊት አደረጉት። ሦስተኛው በተተከለ በ35 ቀኑ ተተኮሰበት። በ2019 የቆመው ጥይት የማይበሳው ብረት ሲሆን ወደ 227 ኪሎ ይመዝናል። የአንድ ልጅ አስከሬን እዚህ ወጣ ለማለት ይህን ያህል ብረት! በ2023 ቦታው ከፍርድ ቤቱ ጋር ብሔራዊ መታሰቢያ ተብሏል።

አስተባባሪው ሲያኮርፍ ሰነበተ። ለእኔ ጥፋቱ የተሳፋሪዎቹ አልነበረም፤ የወረቀቱ ነበር። አሁንም አንዳንዴ "20 ደቂቃ" ብሎ ይልክልኛል። እኔም ሰርዤ "ግማሽ ቀን" እጽፍበታለሁ፤ ሳንነሳ የቡድኑን መሪ አስፈርማለሁ።