ቡችላዬን ብቻዋን ትቼ ስወጣ፦ ኬጅ ይዘጋባት ወይስ አይዘጋባት?

ቡቺ ቤቴ የገባችው በስምንት ሳምንቷ ነው። ገና ሳትመጣ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ነበር። ከቤት ስወጣ የት ትቆይ? ኬጅ በሚባለው፣ በር ባለው የሽቦ ቤት ውስጥ ወይስ ልቅ? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልስ አላጣም። መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ «ኬጅ ካልዘጋህባት ቤቱን ታፈርስልሃለች» ይለኛል። ሌላው «ምን አጥፍታ ነው የምታስራት?» ብሎ ይቆጣል።

ሁለቱንም አልናቅኳቸውም። ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው።

ቡችላ ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው። ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። አራት ወር ገደማ ሲሞላው ደግሞ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ መውለቅ ይጀምራሉ፤ በምትካቸው 42 ቋሚ ጥርሶች ይበቅላሉ። ያን ጊዜ ድዱ እረፍት ስለሚነሳው ማኘኩ ይብስበታል። የቻርጀር ገመድ ካገኘ ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ካልሲ ከዋጠ አንጀቱ ተዘግቶ ለኦፕሬሽን ሊዳረግ ይችላል። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ፣ እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ኪኒን፣ እነዚህ ሁሉ ለውሻ አደገኛ ናቸው። ስለዚህ ቡችላን ቤቱን ሙሉ ለቅቀውለት መሄድ ደግነት አይደለም። እዚህ ላይ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ቡቺ የሆነ ወሰን ያስፈልጋታል።

ወሰኑ ግን የግድ የተዘጋ ኬጅ መሆን አለበት ወይ? ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ፣ ለማጓጓዝና ለመሳሰሉት ጊዜያዊ ምክንያቶች ካልሆነ በስተቀር፣ ውሻን ቤት ውስጥ ኬጅ ዘግቶ ማቆየት በሕግ የተከለከለ ነው። እዚያም ሰዎች ቡችላ ያሳድጋሉ፤ እዚያም ሥራ ይሄዳሉ። ይህን ማወቄ ቀለል አደረገኝ። ኬጅ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ያሰላሰልኩት የሰዓቱን ነገር ነው። ብዙ አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። የቡችላውን ዕድሜ በወር ቆጥሮ አንድ መደመር ነው። የሁለት ወር ቡችላ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ሽንቱን ይይዛል። ይሄ ጣሪያው ነው፤ ብዙዎቹ እዚያም አይደርሱም። ሌሊት እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል። ቀን ግን ሲነቃ፣ ሲበላና ሲጫወት ወዲያው ይመጣበታል።

ኬጅ ሽንት ለማስተማር የሚያግዘው ውሻ በተፈጥሮው የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ ስለማይወድ ነው። ከአቅሙ በላይ ከተዘጋበት ግን ምን ያድርግ? እዚያው ይለቀዋል። ይሄ ከተደጋገመ ያ ተፈጥሯዊ ጥንቃቄው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ማስተማር በጣም ይከብዳል። እና እባካችሁ ይሄን አስምሩበት፦ ኬጅ ሰዓት አያራዝምም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሌለበት ቤት ኬጅ ቢገባበትም ያው ሰው የሌለበት ቤት ነው። ስለዚህ እኔ ከኬጅ በፊት ያፈላለግኩት ሰው ነው። እኔ በሌለሁበት ሰዓት ገብታ የምታወጣት ጎረቤት አገኘሁ። እሷን ባላገኝ ኖሮ ቡችላ የማምጣቱን ነገር አቆየው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰዎች «ኬጁን እምቢ አለ፤ ሲያለቅስ ዋለ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር አብረው ነው የሚናገሩት። አንዱ መዘጋት ነው። ሌላው ብቻ መሆን ነው። ስምንት ሳምንት ሙሉ ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ጋር ተቃቅፎ ሲተኛ ለኖረ ቡችላ ሁለቱም አዲስ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ቀን ከጫንበት የትኛው እንዳስለቀሰው በምን እናውቃለን? እኔ ስለዚህ ለያይቼ ለማስተማር ወሰንኩ። መዘጋትን እኔ ባለሁበት፣ ብቻ መሆንን ደግሞ በር ሳይዘጋባት።

መዘጋቱን ስናስለምድ ኬጁን ሳሎን አስቀመጥኩት፤ ፀሐይ የማያገኘው፣ እኛ የምንቀመጥበት ጥግ ላይ። ስፋቱ ቆማ ለመዞርና ተዘርግታ ለመተኛት የሚበቃት ያህል ነው። ስታድግም እንዲሆናት ትልቁን ገዝቼ በመከፋፈያ አጠበብኩት። በጣም ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ ሽንት ቤት ነው የሚያደርጉት። የአንገት ማሰሪያዋን ሁልጊዜ አወልቃለሁ፤ ሽቦው ላይ ተጠላልፎ ሊያንቃት ይችላል።

መጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ ምግቧን እዚያ ውስጥ አቀርብላት ጀመር። የፊት እግሮቿን አስገብታ፣ የኋላዎቹን ውጭ አስቀርታ ነበር የምትበላው። አልገፋኋትም። ሳህኑን በየቀኑ ትንሽ ወደ ውስጥ ሳራቀው አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ገብታ በላች። ከዚያ እየበላች በሩን መለስ አደርግና ሳትጨርስ እከፍተዋለሁ። ከዚያ ጨርሳ ትንሽ እስክትቆይ። ከዚያ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያነበብኩ እስክትተኛ። አንድም ቀን ጎትቼ አላስገባኋትም፤ ስታጠፋም ለቅጣት አልዘጋሁባትም። መኝታዋ ሆኖ እንዲቀር ከተፈለገ እስር ቤት መሆን የለበትም።

ሌሊት ኬጁን አልጋዬ አጠገብ አመጣዋለሁ። ካለቀሰች ሳልቆጣ፣ ሳላጫውት አውጥቼ አሸናትና እመልሳታለሁ። ዝም ብዬ እያየሁ «ታልቅስ፣ ይወጣላታል» የሚለውን ምክር አልተቀበልኩትም። በዚያ ዕድሜ ሽንት ይዟት ይሁን ፈርታ በደንብ መለየት አይቻልም። ሁለቱም ደግሞ መልስ የሚፈልጉ ናቸው።

ብቻ መሆንን ያስለመድኳት ለብቻው ነው። ታጣፊ የሽቦ አጥር ገዝቼ የሳሎኑን አንድ ጎን ከለልኩ። ከውስጥ ገመድ የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ የሚዋጥ ነገር የለ። ኬጁን በሩን ከፍቼ፣ ተመልሶ እንዳይዘጋ አስሬ አንዱ ዳር ላይ አስገባሁት። በሌላው ዳር ሽንት የሚመጥ ንጣፍ። ንጣፉን የሚቃወሙ አሉ፤ ውጭ መሽናትን ያዘገያል ይላሉ። ትንሽ ያዘገያል፤ እውነት ነው። ክትባቷ እስኪያልቅ ግን የትም መሬት ላይ ላስረግጣት አልፈለግኩም። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፤ ያልተከተበ ቡችላን ደግሞ ሊገድል ይችላል።

ከዚያ መውጣት ጀመርኩ። ጫማዬን አድርጌ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ቁልፌን አንስቼ ወጥ ቤት እገባለሁ። ከበር ውጭ ቆሜ ሳታለቅስ እመለሳለሁ። ቁልፍና ጫማ ሲንቀሳቀሱ የሆነ ነገር እንደማይከተል እስክታይ ድረስ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የበለጠ የጠቀመን ነገር የለም።

አሮጌ ስልኬን መደርደሪያ ላይ አቁሜ ካሜራ አደረግኩት። ውሳኔውን የሰጠኝ እሱ ነው። አጥሩ ውስጥ ሆና፣ ኬጁ ተከፍቶ ስወጣ የሆነው ይሄ ነው። ወደ አጥሩ ጠርዝ መጥታ በሩን አየች። ትንሽ አላዘነች። ዞረች። ንጣፉን አሸተተች። ከዚያ የላስቲክ መጫወቻዋን በአፏ ይዛ ኬጁ ውስጥ ገባችና አገጯን ደፉ ላይ አሳርፋ ማኘኳን ቀጠለች። መጫወቻው ውስጡ ክፍት ነው፤ የረጠበ ምግቧን ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬው ነበር። እሱን ልሳ ሳትጨርስ ተኛች።

በሌላ ቀን፣ ያንኑ ኬጅ ዘግቼ ለአጭር ጊዜ ወጣሁ። በሩን ከመዝጋቴ በፊት ሸንታለች፤ ተጫውታለች፤ መጫወቻዋም አብሯት ነው። አፍንጫዋን በሽቦው መሃል አስገብታ ቆመች። መጫወቻውን ዞራም አላየችው። በሩን በእግሯ ትቧጥጣለች፣ ታለከልካለች፣ እንደገና ትቧጥጣለች። እኔ አጠገቧ ስቀመጥ እዚያው ኬጅ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ የምታንኮራፋ ቡችላ ነች።

ስለዚህ ጠቡ ከኬጁ ጋር አይደለም። መዘጋቱንም ብቻዋን መሆኑንም ለየብቻ ትችላለች። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው የሚከብዳት። ውሳኔዬም በዚሁ አለቀ። እኔ ስወጣ አጥር ውስጥ፣ ኬጁ ክፍት። የተዘጋ ኬጅ ለሌሊት፣ ለመኪናና ለሐኪም ቤት።

የጓደኛዬ ቡችላ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰፊ ቦታ ከተሰጠው ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ሲንቆራጠጥ ይውላል። ጨርቅ ጣል የተደረገበት ኬጅ ውስጥ ግን ወዲያው ይተኛል። ለእሱ የተዘጋ ኬጅ እረፍት ነው፤ እኔም በጓደኛዬ ቦታ ብሆን እሷ ያደረገችውን አደርግ ነበር። የሰው ምክር ስትሰሙ ምክሩ ስለየትኛው ውሻ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን የራሳችሁን ቅረጹና እዩ።

ከመውጣቴ በፊት የማደርገው ነገር አይለወጥም። አሸናታለሁ፣ አጫውታታለሁ፣ ትበላለች፣ እንደገና አሸናታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ትንሽ ጸጥ እንላለን። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት ይፈልጋል፤ እኔ የምወጣው እንቅልፏ ሲመጣ ነው። ረጅም ስንብት የለም። ንጣፉን ስታ ከሸናች ደግሞ አሞኒያ ባለው ማጽጃ አላጸዳም፤ ለእነሱ አፍንጫ ሽንት ሽንት ስለሚል እዚያው ይመልሳቸዋል። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ይሻላል።

ቋሚ ጥርሶቿ ወጥተው ሲያልቁ አጥሩን ማስፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ ግማሽ ሳሎን፣ ከዚያ ሳሎኑ ሁሉ። አንድ ነገር ካኘከች ወደ ቀድሞው ቦታ እመልሳታለሁ፤ ቁጣ የለም። መኝታ ቤቱን እስካሁን አልከፈትኩላትም።

አንድ ነገር ግን ከማኩረፍና ከማላዘን ለይታችሁ እወቁ። ውሻው ለሃጩ ደረቱን እስኪያረጥብ የሚያዝረከርክ፣ ሽቦውን ነክሶ ጥርሱን ወይም ጥፍሩን የሚሰብር፣ ስትወጡ ጀምሮ እስክትመለሱ ሳያቋርጥ የሚጮህ ከሆነ ያ እልህ አይደለም። ከባድ ድንጋጤ ነው። የተዘጋ ኬጅ ያባብሰዋል፤ ጠንካራ ኬጅ መግዛትም መፍትሔ አይሆንም። ለጊዜው ብቻውን አትተዉት፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፤ እናንተ አጠገቡ ስትሆኑ ሐኪሙ ምንም ምልክት ላያይበት ይችላል።