የሌሊቱ ውሃና የኪስ ባትሪ

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደግሞ ሌሊት ይወዳል። ሰው ሁሉ እንቅልፍ ላይ እያለ ቧንቧው ማፏጨት ይጀምራል። ያኔ ተነስቶ ጀሪካን መሙላት፣ ቱቦውን በርሜል ውስጥ መክተትና ሞልቶ እንዳይፈስ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። መብራት ቢኖር እንኳ የሳሎኑን አምፖል አላበራም። ልጄ የምትተኛው እዚያው መጋረጃው ጀርባ ነው፤ አንዴ ከነቃች ደግሞ እስኪነጋ ተረት በሉኝ ነው።

ባለቤቴ «ስልክህ ላይ መብራት አለ አይደል? ለምን ብር ታወጣለህ?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አለ። ግን የስልክ መብራት አንድ እጅ ይይዛል። ጀሪካን በአንድ እጅ አይነሳም። ስልክ በጥርስ አይያዝም፤ ቢያዝም መብራቱ ወደሚፈለገው ቦታ አይዞርም። በርሜል ላይ ማጎንበስም አለ። ከበርሜል ውስጥ ስልክ ማውጣት ምን እንደሚመስል የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችንን ጠይቁት። መብራት የጠፋ ለታ ደግሞ ከቤቱ እቃ ሁሉ ቻርጁ ሊቆጠብለት የሚገባው ያው ስልክ ነው።

ስለዚህ የኪስ ባትሪ ፍለጋ መርካቶ ወጣሁ።

መርካቶ ባትሪ ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ጉልበቱን ነው። ጣሪያው ላይ ያበራዋል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ፎቅ ላይ ያበራዋል፣ ከዚያ «አየህ?» ይላል። አንዱ ካርቶን ላይ 100000 ሉመን ተጽፎ አየሁ። ሉመን ከአንድ መብራት የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን የሚለካበት ነው። ሻማ 12 ሉመን ገደማ ይሰጣል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 አካባቢ ነው። የመኪና የፊት መብራት ሀሎጅን አምፖል ደግሞ 1500 ቢሆን ነው። መዳፍ ውስጥ የምትገባ እቃ የስልሳ ምናምን መኪና አምፖል ብርሃን ትሰጣለች ማለት ነው እንግዲህ። ብትሰጥማ ኖሮ ሙቀቷ ራሱ በእጅ አያስይዝም ነበር። ውስጣቸው የሚገቡት ቻርጅ የሚደረጉ ሊቲየም ባትሪዎችም እንደዚሁ ናቸው። 18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጥሩ የሚባለው 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የሚይዘው ኤሌክትሪክ መለኪያ ነው) አካባቢ ይይዛል። ላዩ ላይ 9900 የተጻፈበትን ሳይ ዋጋ አልጠይቅም፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ አልፋለሁ።

እኔ የጠየቅኩት ተቃራኒውን ነው። «ዝቅተኛዋ ምን ያህል ዝቅ ትላለች?» ሻጩ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሰው የሚደምቅ ነው የሚፈልገው» አለኝ።

የቤት ውስጥ ባትሪ ግን እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። ቤት ውስጥ ከአምስት ሜትር በላይ የሚርቅ ነገር የለም። ዐይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ደማቅ መብራት ያንን በአንድ አፍታ ያበላሸዋል። ሌሊት ነጭ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ 300 ሉመን ያበራ ሰው ለጊዜው ዕውር ነው። የገዛኋት ባትሪ ዝቅተኛዋ 1 ሉመን፣ መካከለኛዋ 30፣ ከፍተኛዋ 150 እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። አንዷ ሉመን ቀን ላይ ስታዩአት የተበላሸች ነው የምትመስለው። ሌሊት ግን የጀሪካኑን አፍ፣ የበርሜሉን ጠርዝ፣ ወለሉ ላይ የተረሳውን የልጅ መጫወቻ ጥርት አድርጋ ታሳያለች። ልጅቷም አትነቃም። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

መካከለኛዋ ለቆጣሪና ለብሬከር ትሆናለች። ካርድ ስንሞላ ቁጥሩን የምናስገባው ጨለማ ደረጃ ላይ ቆመን ነው። ባትሪዋ ቀጭን ስለሆነች በጥርስ ትያዛለች፤ ክሊፕ ስላላት ኮፍያ ላይም ትሰካለች። ከፍተኛዋ የምታስፈልገው ሰገነት ላይ ወጥቶ ሮቶ ለማየት ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ጥቅም አላት፦ ጭራዋ ዝርግ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ወደ ላይ ትቆማለች። ብርሃኑ ነጭ ጣሪያችን ላይ ተበትኖ ይመለስና ክፍሉ በሙሉ ይበራል። እራት በልተንባታል። ጭራው ላይ ጎማ ማብሪያ የወጣበት ባትሪ ግን አይቆምም፤ ሲገዛ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ማየት ነው።

ድንጋዩን በተመለከተ ብዙ አሰብኩ። አብሮ የተገጠመ ሊቲየም ያላቸው፣ በታይፕ-ሲ ቻርጅ የሚደረጉት ያምራሉ። ቻርጀሩ ያው የስልኩ ነው። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ከሰነበተ ባትሪውም አብሮ ይጠፋል፤ በተፈለገበት ሰዓት ማለት ነው። የእኔዋ የምትጎርሰው አንድ ድንጋይ ነው፣ የግድግዳ ሰዓት የሚጎርሰውን ዓይነት። ማንኛውም የሰፈር ሱቅ አለ። ነጭ ኤል.ኢ.ዲ.፣ ማለትም ብርሃኑን የሚሰጠው ትንሹ ነገር፣ ለመብራት ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል፣ ድንጋዩ ያለው 1.5 ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለች ትንሽ ሰርኪዩት ናት ቮልቱን ከፍ የምታደርገው። ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የሚበሉት ርካሾቹ እንዲህ ዓይነት ሰርኪዩት የላቸውም። አዲስ ድንጋይ ሲገባባቸው ፏ ይላሉ፣ ከዚያ እየደከሙ እየደከሙ ይሄዳሉ።

ርካሹ ድንጋይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው፤ ኤሌክትሪክ እየሰጠ በሄደ ቁጥር ቆርቆሮው ይበላና ይሳሳል። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ባትሪ ከፍታችሁ ዝገትና ዝልግልግ ነገር ያያችሁት ለዚህ ነው። አልካላይኑ ዕድሜው ይረዝማል፣ እሱም ግን ሲያረጅ ያፈሳል። ለአልካላይን ፍሳሽ ጥጥ ላይ ትንሽ ሎሚ ጠብ አድርጎ መጥረግ ይበጃል፤ ፍሳሹን አሲዱ ይሰብረዋል። ጓንት ይደረግ፣ ዐይን አይነካ።

ይህን ያህል ሰዓት ይበራል ተብሎ ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈውም አንድ ነገር ልበል። የታወቁ አምራቾች የሚለኩበት ኤ.ኤን.ኤስ.አይ. ኤፍ.ኤል. 1 የሚባል የአሜሪካ መስፈርት አለ፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው። በእሱ መሠረት ሰዓቱ የሚቆጠረው ባትሪው በርቶ ብርሃኑ ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ እስኪቀር ድረስ ነው። ስለዚህ 8 ሰዓት የሚል ባትሪ 8 ሰዓት ሙሉ ደምቆ ይበራል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሙቀት እንዳይበዛባቸው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አሁን የማልወድላት ነገር። ቀለሟ። ባትሪዋን አጥፍታችሁ አፍንጫዋን ብታዩ ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ አለች። ከሥር ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ከላይ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ነገር የሚሰጠው ቢጫ ብርሃን ከሰማያዊው ጋር ተደባልቆ ነው ነጭ የሚመስለው። ያንን ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. የፈጠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ኖቤል አግኝተውበታል፤ ይገባቸዋል። ግን በርካሽ ሲሠራ ሰማያዊው ይበዛል፣ ቀዩ ያንሳል። ባለቤቴ መብራት በጠፋበት ምሽት ወጥ እየሠራች በርበሬውን አበራሁላት። «ይሄ በርበሬ ነው ወይስ አፈር?» አለች። ሥጋም እንደዚያው፣ የቆየ ይመስላል። ማዕድ ቤት ለሚገባ ባትሪ ሞቅ ያለ ቀለም፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው 4000 ኬልቪን አካባቢ፣ ይሻላል። በሚቀጥለው የምፈልገው እሱን ነው።

እናቴ ደግሞ ሌላ ክስ አላት። ሌሊት ኪዳን ስትሄድ ይዛት ወጣች። ማብሪያዋን ሁለት ጊዜ ጫን አድርጋ ኖሮ ባትሪዋ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። እናቴ መንገድ ላይ ቆማ ልታጠፋት ታገለች፤ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ተነሱባት። ስትመለስ «ልጄ፣ አብሪ ስላት የምትበራ፣ ጥፊ ስላት የምትጠፋ ስጠኝ። የአምቡላንስ መብራት ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ባትሪ ብልጭ ድርግሙን ማን እንደጠየቀ ዛሬም አይገባኝም። እሷ ወደ ድሮዋ ባለ ሁለት ድንጋይ፣ በአውራ ጣት ወደ ፊት ወደምትገፋዋ ባትሪ ተመልሳለች። ማብሪያዋን ዳስሶ ብቻ መብራቷንና መጥፋቷን ማወቅ ይቻላል። በዚህ የእኔዋን ትበልጣታለች።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ሱቅ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ፈተና አለ። ዝቅተኛው ላይ አድርጎ በስልክ ካሜራ ማየት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ መብራቱ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው የደበዘዘው። አንዳንድ ሰው ሲያነብበት ራሱን ያመዋል።

እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፤ ምን ላምጣ ብላ ደወለች። ሞቅ ያለ ቀለም ያላት አንዲት ባትሪ ከእነ 18650ዋና ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ከነቻርጀራቸው ብዬ ላክሁላት። ድንጋዮቹ 1.2 ቮልት ቢሆኑም ለእኔዋ ባትሪ ይበቃሉ። 18650ዋን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከታት ነገርኳት፤ ለብቻው የተያዘ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚገባው በእጅ ቦርሳ ነው። «ሽቶና ጫማ የሚያስመጣ ወንድም ነበር የምመኘው» አለችና ዘጋችው።