ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ፦ ሦስተኛው የቤት ውስጥ ቢራ ጠመቃዬ

የመጀመሪያው ኮመጠጠ። ሁለተኛው ውሃ ውሃ አለ። ሦስተኛው አሁን ወጥ ቤቱ ጥግ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቢራ ቢራ ይሸታል። ከብቅል ጀምራችሁ ቤት ውስጥ ለመጥመቅ ለምታስቡ፣ ዕቃውን እንዴት እንዳሟላሁ ልንገራችሁ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ወጥ ቤቴ ሁለተኛ ሰው ከገባበት አንዳችን መውጣት አለብን። ስለዚህ በአንድ ድስት የሚያልቅ ዘዴ መረጥኩ። ብቅሉ በከረጢት ሆኖ ድስቱ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከረጢቱ ይወጣል፣ የቀረው ጣፋጭ ውሃ እዚያው ይፈላል። ልኬቴ 15 ሊትር ውሃና 2 ኪሎ ተኩል የገብስ ብቅል ነው። ብቅሉ ወደ 2 ሊትር ይጠጣል፣ ወደ 2 ሊትር በእንፋሎት ይሄዳል፣ ድስቱ ሥር አተላ ይቀራል። በመጨረሻ 10 ሊትር ገደማ እጄ ይገባል።

ድስቱ የእናቴ የድግስ ድስት ነው፤ 20 ሊትር ይይዛል። ስወስደው "ለ10 ሊትር ነው ይሄ ሁሉ ወሬ?" አለችኝ። እሷ ለዓመት በዓል ስትጠምቅ በጋን ነው። ቴርሞሜትር ልገዛ ነው ስላት ደግሞ ሳቀች። "እጅህን አትከትም?"

ሁለተኛውን የገደለው እጄን መክተቴ ነው። ብቅል ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከ75 ካለፈ ያንን ሥራ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ይሞታሉ። እጅ ደግሞ በ65ም በ75ም ያው "አቃጠለኝ" ነው የሚለው። ጠላ ሌላ መንገድ አለው፤ እናቴ ትክክል ናት፣ ግን ለጠላዋ። እኔ ዲጂታሉን የምግብ ቴርሞሜትር ገዛሁ። ከሁሉም ዕቃ አንድ ብቻ አዲስ ግዙ ብባል እሱን እላለሁ።

ከረጢቱ አስቂኝ ታሪክ አለው። መጀመሪያ በአቡጀዲ አሰፋሁ። ጥቅጥቅ ስላለ ውሃው አልወርድ አለ፤ ግማሽ ሰዓት እንደ ጡት አንጠልጥዬ ስጨምቅ ዋልኩ። አሁን መርካቶ የገዛሁት ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። ሕንፃው ሥር ያለው ልብስ ሰፊ የድስቱን አፍ በሜትር ስለካለት "ይሄ ሰውዬ ወገቡ ሰፊ ነው" አለኝ። እውነቱን አልነገርኩትም። ከረጢቱ ሲወጣ የሚያርፈው በአሮጌ የፍሪጅ መደርደሪያ ላይ ነው። ድስቱ አፍ ላይ አጋድሜው ራሱ ይንጠባጠባል። እርጥቡ ከ5 ኪሎ አያንስም፣ ክንድ አይችለውም።

ብቅሉን ወፍጮ ቤት ስትወስዱ ደግሞ ዝም ብላችሁ "ፍጭልኝ" እንዳትሉ። እኔ ብዬ ዱቄት ሆኖ መጣ፤ ድስቱ ውስጥ ገንፎ ሆነ። "እንደ ቅንጬ ሽርክት አድርግልኝ" በሉ። እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ገለባው ብዙም ሳይደቅ ሲወጣ ልክ ነው። በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ አለመሆኑንም አረጋግጡ። የገበያ ብቅል ሥሩ አብሮት ስለሚመጣ አስቀድሜ አሽቼ እነፋዋለሁ፤ ሻጋታ የሸተተኝን አልገዛም።

ሦስተኛውን ወደ ጠመቅኩበት ቅዳሜ ልመለስ። ውሃውን 69 ዲግሪ አደረስኩ፣ ከረጢቱን ከተትኩ፣ ብቅሉን እያማሰልኩ ጨመርኩ። 66 ላይ ተቀመጠ። ምድጃውን አጥፍቼ ድስቱን በጋቢ ጠቀለልኩት። (ማጥፋቱ ይቅደም፣ ጋቢው ይከተል። ጨርቅና የጋለ ምድጃ አይዋደዱም።) በ20ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ሳቅኩ፤ በዚህ ሰዓት መብራት ምን ያደርግልኛል? ሰዓቱ ሲሞላ ጋቢውን ብገልጥ 64 ነበር። ከፋርማሲ የገዛሁትን አዮዲን ነጭ ሳህን ላይ ከድስቱ በወሰድኩት ጠብታ ላይ ጣል አደረግኩ። ባለፈው ጊዜ ወዲያው እንደ ቀለም ጠቁሮብኝ ነበር፤ ስታርቹ አልተለወጠም ማለት ነው። አሁን ቡናማ እንደሆነ ቀረ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። የተነካውን ጠብታ ግን ደፉት እንጂ ወደ ድስቱ እንዳትመልሱት።

መብራት ሲመጣ ወደ ማፍላቱ ገባሁ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የወደቀው። ድስቱ ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ሰፈሩን የረገምኩት፣ ሻጩን የረገምኩት! በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ውሃ ጨምሬ ስከተው 0 አለ። ዕቃው ደህና ነው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሻጩ ይቅር ይበለኝ። ነገሩ ለጠማቂ ትርጉም አለው። ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ምሬቱን የሚያወጣው በሙቀት ነው፣ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ምሬቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የጠመቃ መመሪያው 60 ደቂቃ አፍሉ የሚለውን 80 አደረግኩት። ሆፕሱንና የቢራ እርሾውን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። የዳቦ እርሾም ያብላላል፣ ግን ዳቦ ዳቦ ይላል፤ ቶሎም አይጠልም።

ስለ ምድጃው አንድ ነገር ልበል። 2,000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፒር ይስባል። በሁለተኛው ሙከራ በቀጭን ማከፋፈያ ሰክቼው ነበር። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ሶኬቱ እንደ ሻማ ቀለጠ። አሁን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው፣ በዚያ መስመር ሌላ ነገር አልሰካም። ከሰልን ቤት ውስጥ አታስቡት፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ድስቱን ሙሉ በሙሉ አትክደኑ፣ መጥፎ ሽታው በእንፋሎት መውጣት አለበት። መስኮት ክፈቱ። እኔ ከፍቼ ጎረቤቴ እማማ በሩን አንኳኩ። "ልጄ፣ ማን ሊያገባ ነው?"

ማቀዝቀዙ ተራ ሥራ ነው። ድስቱን ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣ በመጨረሻ በጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶ ጨመርኩ። 20 ዲግሪ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ያኔ ወደ ባልዲ ገልብጬ እርሾውን ጨመርኩበት።

ከዚያ በኋላ ንጽሕና ብቻ ነው። የመጀመሪያው የኮመጠጠው ውስጡ የተጫጫረ አሮጌ ባልዲ ተጠቅሜ ነው። ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይደበቃል፣ ብታሹትም አይወጣም። አሁን ክዳን ያለው አዲስ ነጭ ባልዲ ነው። በበረኪና አጥባለሁ፣ ግን ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሜ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ትንሽ ከቀረ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል። የአሉሚኒየሙን ድስት ግን በረኪና አላስነካውም፣ ይበላዋል። ክዳኑን በስቼ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙባትን ብርሃን የምታሳልፍ ጎማ አስገባሁ፤ ሌላውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። እሑድ ጠዋት ቡልቅ ቡልቅ ሲል ቀሰቀሰኝ።

ሃይድሮሜትሩ (ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ቁጥሩ የሚወርድ መለኪያ) ሲጀመር 1.040 ነበር፤ ዛሬ በ9ኛው ቀን 1.012 ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 21 ነው የዋለው፤ የአዲስ አበባ አየር ለዚህ እርሾ ተስማምቷል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሜ ለክቼ ካልተንቀሳቀሰ፣ ለአንድ ሊትር 6 ግራም ስኳር እያልኩ በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ እሞላዋለሁ። የቢራ ጠርሙስ ክዳን መምቻ ገና አላገኘሁም። ፕላስቲኩን በጣት ጫን ብሎ ግፊቱን ማወቅ ይቻላል፣ ለጊዜው ይበቃኛል። እማማ አንድ ጠርሙስ አስይዘዋል።